ላም ባልዋለበት

«የአመለካከት ችግር» የሚባል በሽታ አለ። ሐኪም መርምሮ አላገኘውም፤ ነገር ግን ከቀበሌ እስከ ፌዴራል በሚጻፍ ሪፖርት ሁሉ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» ከሚለው ርእስ ሥር ተራ ቁጥር አንድ ሆኖ ይቀመጣል። ወጣቱ ብየዳ ሠልጥኖ ብየዳ ካልሠራ የአመለካከት ችግር ነው። በማኅበር ተደራጅቶ ማኅበሩ ከፈረሰ የአመለካከት ችግር ነው። ሰርተፍኬቱን አጣጥፎ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ከወረደ እሱም የአመለካከት ችግር ነው። ልጅቱ ልብስ ስፌት ተምራ ጅዳ ከተገኘች ደግሞ ደላላ ይጨመርና «የአመለካከት ችግርና የሕገ ወጥ ደላሎች ተጽዕኖ» ይሆናል። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቃል ሁሉንም ነገር ማስረዳት ሲጀምር ምንም እያስረዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ደጋግሞ ሲያመጣብኝ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበትና «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ እጽፍበት ነበር። ዛሬም ማድረግ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ነገሬን ሀገር አቀፍ ላድርገው ብል አየር ላይ ይቀርብኛል። ስለዚህ አንድ አካባቢ ልያዝ። የደቡብ ጎንደርን ምሥራቅ፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን። ከደብረ ታቦር ተነስቶ ጉናን በጎኑ ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ የሄደ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ ነፋሱን ከነብርዱ ትቀበላለች። ከዚያ ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያና ወደ ስማዳ ወገዳ ሲወርዱ ደጋው ወይናደጋ፣ ወይናደጋው ቆላ እየሆነ እስከ በሽሎና ዓባይ ገደል ድረስ ይዘልቃል። እስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስን ይዛ ወዲያ ማዶ አለች። ገብስ፣ ስንዴ፣ ድንች፣ በግና ባሕር ዛፍ የሚገኝበት አገር ነው። አፈሩ ግን በዘመናት እርሻ ያለቀ፣ ማሳው በየትውልዱ እየተሸነሸነ መዳፍ ያከለ ነው። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። አባት ለአራት ልጅ የሚያካፍለው መሬት የለውም። ልጆቹ ከእርሻ ሌላ የሚሠሩት ነገር ያስፈልጋቸዋል። እስከዚህ ድረስ ከመንግሥትም ከማንም ጋር አልጣላም። የምጣላው ከዚህ ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው።

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ከእነዚህ ወረዳዎች በአንዱ የሚገኝ የሥልጠና ተቋም የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ መምህራኑ በሌላቸው ነገር የሚችሉትን ሲያደርጉ ያየሁ ሰው ነኝና ላሳጣቸው አልፈልግም። የብረታ ብረት ወርክሾፑን ሲያስጎበኙኝ አንድ ግሩም ቶርኖ አየሁ። ቀለሙ ያልተነካ፣ አቧራ እንዳይገባው በፕላስቲክ የተሸፈነ። «ምነው አይሠራም?» ብል «ሥሪ ፌዝ መብራት አልገባልንም፤ ትራንስፎርመር ጠይቀን እየጠበቅን ነው» አለኝ መምህሩ። ታዲያ ልጆቹ በምን ይማራሉ? ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተሳለ ሌላ ቶርኖ ነበረ። እውነቴን ነው፣ ሥዕሉ ከማሽኑ ያምር ነበር። ልጆቹ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ስማቸው ይጠሩልኛል። አንዱን «ብረት ቆርጠህ ታውቃለህ?» አልኩት። «በንድፈ ሐሳብ ነው ጋሼ» አለኝ፤ ሳይስቅ። ሲመረቅ የት ሊቀጠር እንደሚያስብም ጠየቅሁት። ከተማው ውስጥ ሁለት በያጆች አሉ፤ በርና መስኮት ይሠራሉ፤ አንደኛው ወንድሙን፣ ሁለተኛው የአክስቱን ልጅ ነው የሚያሠራው። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩ። «እንደ አምናው ለመስከረም መተማ ነኛ!»

ይህንን ልጅ ነው እንግዲህ አመለካከትህ ችግር አለበት የምንለው። እኔ እስከማየው ድረስ ከእኛ ሁሉ የጠራ አመለካከት ያለው እሱ ነው። የት ሥራ እንዳለና የት እንደሌለ በትክክል ያውቃል።

ባላገር ለዚህ ነገር ስም አለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይለዋል። እኛ ላሟ የለችም፣ መስኩም የለም፣ ልጆቹን ግን ቅርጫት አሲዘን አሰማርተናል። ከዚያም ባዶ ቅርጫት ይዘው ሲመለሱ «የመልቀም ባህላችሁ ደካማ ነው» ብለን የሦስት ቀን ወርክሾፕ እናዘጋጅላቸዋለን፤ ከነአበሉ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማስታወስ ይገባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አስር ሲደመር አንድ፣ አስር ሲደመር ሁለት፣ አስር ሲደመር ሦስት የሚል ሥልጠና መጣ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ስትራቴጂ ወጣና ሁሉም በደረጃ ሆነ፤ ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አምስት፣ በየመሐሉ የብቃት ምዘና። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጀርመኖች አማካሪም ረዳትም ነበሩ። የጀርመን ሥርዓት በዓለም የተመሰገነ ነው፤ መቅዳቱ ባልከፋ። ግን ምኑን ቀዳን? በጀርመን አንድ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ቶርኖ መማር ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ድርጅት ነው። ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል። ሥልጠናውን ከጀመረበት ወር አንሥቶ ድርጅቱ ይከፍለዋል። ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን እዚያው ማሽኑ ሥር ይውልና አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ማለትም መጀመሪያ ላሟ አለች። እኛ ትምህርት ቤቱን አመጣን፣ ደረጃውን አመጣን፣ ፈተናውን አመጣን። ውሉንና ክፍያውን እዚያው ትተነው መጣን። «ሰባ በመቶው ተግባር፣ ሠላሳ በመቶው ንድፈ ሐሳብ» ብለን ደግሞ በወረቀት ላይ አሰፈርን። በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በኮምቦልቻ ሰባ በመቶው የሚሠራበት ድርጅት ይገኝ ይሆናል። በወገዳ ከተማ ሰባ በመቶው የት ነው የሚሠራው? ወፍጮ ቤት?

አሜሪካኖችም ቢሆኑ፣ ገጠር ያሉ ወጣቶቻቸውን ለፋብሪካ የሚያዘጋጁባቸው ብዙ የአካባቢ ኮሌጆች አሏቸው። የደቡብ ካሮላይና ግዛት የቢ ኤም ደብሊው መኪና ፋብሪካን ሠራተኞች በራሷ የቴክኒክ ኮሌጆች በኩል አሠልጥናለች። ግን መቼ? ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያ ፋብሪካ ለመትከል ከወሰነ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና በ1994 ወጣች። ፋብሪካው ቃል ሲገባ ኮሌጁ ተነሳ፤ ለስንት ሰው፣ በምን ማሽን፣ በምን ያህል ደመወዝ የሚለው ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተተከለ፤ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. እዚያው ጣና ዳር ተከፈተ፤ ከትምህርት ክፍሎቹም አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ተማሪው የሚማርበት ክርና የሚቀጠርበት ክር በአንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ። ንጉሡን ለማመስገን አይደለም ይህን የማነሳው፤ ነገሩ በዚህ አገር ተደርጎ የሚያውቅ መሆኑን ለማሳየት ነው እንጂ።

ስለ ምስክር ወረቀት ካነሳን ደግሞ ከጋይንት የበለጠ ስለ ምስክር የሚያውቅ አገር የለም። ድጓ በብዙ ቦታ ይማሩታል፤ ማስመስከሪያው ግን ጋይንት ቤተልሔም ነው። ከትግራይም ይምጣ ከሸዋ፣ ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ ድጓ ተምሬያለሁ የሚል ሰው ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር ነው አይባልም። ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ፤ እሱም ጋይንት። እንግዲህ ይህ የብቃት ማረጋገጫ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ለምንስ ሠራ? እኔ ሦስት ምክንያት ይታየኛል። ፈታኙ ራሱ ባለሙያ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ዜማ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው እንጂ መጠይቅ ይዞ ምልክት የሚያደርግ አይደለም። ፈተናው ሥራው ራሱ ነው፤ ተማሪው ስለ ድጓ አይጠየቅም፣ ድጓውን ይላል። ምስክሩን ይዞ የወጣ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ደብር አለ፤ መሪጌታ ይሆናል፤ ጉባዔ ይተክላል። እርግጥ ነው የቆሎ ተማሪ ኑሮ ውሻ እየነከሰው ቁራሽ መለመን ነበር፤ በያጅ እንደዚያ ይማር የምል ጨካኝ አይደለሁም። የምለው፣ ምስክር ክብር የሚያገኘው ከማኅተሙ እንዳልሆነ የጋይንት ሰው ከእኛ ስትራቴጂ በፊት ያውቀው ነበር ነው።

የዛሬው ምስክር ወረቀት ግን ከባሕር ዳር ጋራዥ በር አያልፍም። ባለ ጋራዡ አያነበውም። «እስቲ ይህቺን በይድ» ይላል። ልጁ ኤሌክትሮድ የጨበጠው በጠቅላላው ስንት ቀን ነው? ተቋሙ ኤሌክትሮድ የሚገዛበት በጀት ስንት ነው? እጅ በንግግር አይሠለጥንም። ብየዳ ዓይንን፣ ክንድንና ትንፋሽን አንድ ላይ ማስማማት ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ብረት አበላሽቶ ነው የሚገኘው። የሚበላሽ ብረት የማይገዛ ሥልጠና በያጅ አያወጣም። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ወደ አመለካከት ልመለስ፤ ይህ ቃል እንቅልፍ ይነሳኛልና። የደቡብ ጎንደር ደገኛ አዲስ ነገር አይቀበልም ይባላል። «ጉደኔ» እና «በለጠ» የተባሉት የድንች ዝርያዎች ከምርምር ወጥተው ወደ ደጋው ሲመጡ ገበሬው ምርታቸውን አየና ተቀበላቸው። ባሕር ዛፍን ተመልከቱ። ማንም የአመለካከት ሥልጠና ሳይሰጠው፣ እንዲያውም ግብርና ባለሙያው «አፈር ያደርቃል» እያለ ሲከለክለው፣ ገበሬው ገበያውን አይቶ ማሳውን በባሕር ዛፍ ሞላው። አጣናው በመኪና እየተጫነ ይሄዳል፤ የሱዳን ጦርነት ሳይመጣ በፊት እስከ ሱዳን ድረስ ይሄድ ነበር። ከተራራው ላይ እንደተቆረጠ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይላግ። እና በየወረዳው «እንጨት ሥራ» የሚባል ሙያ እናስተምራለን። ከጣውላ ወንበር መሥራት። ጣውላው ከየት ይመጣል? ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ። አጣናው ወዲያ ሲሄድ ኤምዲኤፉ ወዲህ ሲመጣ መንገድ ላይ ሳይተያዩ አይቀሩም።

ስለ ቆዳም ላንሳ። ጋይንት የበግ አገር ነው። በፋሲካ ማግስት ቆዳ አንጥፎ ቆሞ ገዥ የሚጠብቅ ሰው ድሮ ነበር፤ ዋጋው ከተንኮታኮተ ወዲህ ቆዳው የውሻ መጫወቻ ሆኗል። ሱፉም እንደዚያው። እነዚህ ሁሉ ማኑፋክቸሪንግ የሚባለው ነገር ጥሬ ዕቃዎች አይደሉም እንዴ? ወይስ ማኑፋክቸሪንግ ማለት የግድ ከውጭ በኮንቴይነር የመጣ ጨርቅ ላይ የውጭ ቁልፍ መትከል ነው?

«ፋብሪካው ካልመጣ ልጆቹ ወደ ፋብሪካው ይሂዱ» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። የዚህ ነገር ትልቁ ፈተና ግን በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ሐዋሳ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ሴት ልጆች ከየወረዳው እየተመለመሉ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የልጆቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ሠራተኛቸውን መቶ በመቶ ይቀይሩ ነበር። መቶ በመቶ! አንድ የኮንዶሚኒየም ክፍል ለስድስት ተከራይተው፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው፣ የወሩን ደመወዝ በሃያኛው ቀን ጨርሰው የሚኖሩ ልጆች መልቀቃቸው የአመለካከት ችግር ነው ወይስ የሂሳብ ችሎታ? ከዚያም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ከሐዋሳ ወጣ፤ ከወር በኋላም አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ አገደች። የሠለጠኑት ልጆች ሙያ ከዋሽንግተን በተጻፈ አንድ ደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ነው።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ነገር ሞክረው ነበር። በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሊቀጠሩ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ሥራው ተሰጠው። ለሌላው አጭር የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል ገንዘብ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶው በአንድ ወር ውስጥ ወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሦስት አራተኛው በላይ ለቋል። ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው አልበለጠም፤ ጤናቸው ግን ተጎድቷል። ገንዘቡን ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ አደገ። እውነቱን ለመናገር ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ገንዘብ ማደልም ተአምር አይደለም። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው፦ ወጣቱ የፋብሪካን ሥራ ይሞክረዋል፣ ይመዝነዋል፣ ካላዋጣው ይተወዋል። እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው።

እንዲያም ሆኖ የአመለካከት ችግር የለም አልልም። አለ። ግን ያለው እነሱ ዘንድ ሳይሆን እኛ ዘንድ ነው፤ ደብተር የያዝነው ዘንድ። ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ያለው ማን ነው? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው በከንቱ አልነበረም። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ አንሳደብም፤ ሰልጥነናል። ዛሬ የምናደርገው፣ ፈተና የወደቀውን ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ መላክ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ልጅ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በማግስቱ ከየመድረኩ የሰማነው ምን ነበር? «የቀሩት ቴክኒክና ሙያ አለላቸው»። እንደ ማጽናኛ። እንደ ቀብር ንፍሮ። ከዚያ ዞር ብለን «ሙያ ክቡር ነው» የሚል ባነር እንሰቅላለን። የራሳችንን ልጅ ቶርኖ ያስተማርን ባለሥልጣናት፣ ጋዜጠኞችና መምህራን እስቲ እጃችንን እናውጣ!

እነዚህን ወረዳዎች የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በዚህ አገር ታሪክ ስለ ማኑፋክቸሪንግ ሥልጠና የሚጽፍ ሰው መጀመር ያለበት ከዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። በ1850ዎቹ ዓጼ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ ሥሩ አሏቸው። እነሱ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ናቸው፤ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ግን ሠሩ። የአገር ልጆችም እዚያው ፊደሉንም እጅ ሥራውንም አብረው ተማሩ። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባልለት መድፍ ተወለደ፤ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጋይንት በኩል፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጦ፣ መንገድ እየተደለደለለት በሰው ጉልበት መቅደላ ወጣ። የጋይንት ገደል ያንን ብረት ሲያሳልፍ ያየ ገደል ነው። ቴዎድሮስ አውሮፓውያንን በሰንሰለት ማሰራቸውን አልረሳሁም፤ አርአያ አድርጉት እያልኩ አይደለም። ጋፋት የሠራችው ግን የሚሠራው ዕቃ አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። የከሸፈችውም በዚያው ምክንያት ነው፤ ደንበኛዋ አንድ ሰው፣ ምርቷም አንድ ዓይነት ነበር። ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከናፒየር ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ከመድፉ ይልቅ ማረሻ፣ ምሳርና የወፍጮ ዕቃ ቢቀልጥባት ኖሮ ጋፋት ዛሬ የቱሪስት መጎብኛ ሳትሆን ከተማ በሆነች ነበር።

ስለ ጦርነት ዝም ብዬ ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው ለቀናት ቆዩ፤ በከተማዋ ሴቶች ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል፤ ሆስፒታሏ ተዘርፏል። ከዚያ ቁስል ሳይድን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በመንግሥትና በፋኖ መካከል ሌላ ጦርነት መጣ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። በአማርኛችን «ብረት» ሁለት ትርጉም አለው። ቅኔ የቀመሰ ሰው ሰምና ወርቁን ለመለየት አይቸገርም። ለልጁ አንደኛውን ብረት እናስጨብጥሃለን ብለን ስንቀር፣ ሁለተኛውን የሚያስጨብጠው ሰው ከየአቅጣጫው አይጠፋም። ጦርነቱ ከሥልጠና ጉድለት መጣ አልልም፤ ምክንያቱ ሌላና ብዙ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶት እጁ የሚውልበት ያጣ ልጅ በየመንደሩ መኖሩ ግን ለማንም አዝማች የተመቸ ነገር ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ባለሀብት የሠለጠነ ሰው በሌለበት አይመጣም እኮ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ባለሀብት የማይመጣው ቶርኖ የሚያውቅ ስላጣ ነው? መብራቱ፣ መንገዱና ሰላሙስ? ለመሆኑ ጨርቅ ሰፊ ሠልጥኖ ስለተገኘ ብቻ አንድ የስፌት ፋብሪካ ወገዳ ሊመጣ ነው?

እኔ ትልቅ ነገር አልጠይቅም። በእያንዳንዱ ወረዳ አስራ ምናምን ሙያ ከማስተማር አካባቢው ያለውን ሁለትና ሦስት ነገር ይዞ የሚያመርት ተቋም ይሁን። ሥልጠናው ማምረት፣ ማምረቱ ሥልጠና ይሁን። የባሕር ዛፍ መሰንጠቂያ፣ የሱፍና የቆዳ ማለስለሻ፣ የድንች ማከማቻና ማቀነባበሪያ፣ የእርሻ መሣሪያ መሥሪያና መጠገኛ። የተመረተው ይሸጥ፤ ሠልጣኙ ከሽያጩ ይከፈለው። ፈታኙ ዳቦውን በዚያ ሙያ የሚበላ ሰው ይሁን፤ ፊደል ባይቆጥርም የአካባቢው ቀጥቃጭ ወንበር ይሰጠው። ትራንስፎርመር ከሌለ ቶርኖ አይገዛ፤ በቶርኖው ዋጋ መቶ ልጅ የሚያሠራ የእጅ መሣሪያ ይገዛል። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተብሎ አስር ቢሊዮን ብር ተመድቦ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ በአብዛኛው የሄደው አምስት አምስት እየሆኑ በአንድ ቀን ለተዋወቁ «ማኅበራት» ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሲሠራ ላየነው የጋራ ወርክሾፕ ቢሄድ ምን ነበረበት?

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሰላምም ይፈልጋል ከተባለ ደግሞ ምንም የማያስወጣ አንድ ነገር ልጠይቅ። በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ላይ «የሠለጠኑ፦ ወ፣ ሴ፣ ድ» የሚል ዓምድ አለ። በየዓመቱ ሞልቶ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቅድ በላይ። ከጎኑ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ከዓመት በኋላ የት ነው?» የሚሞላውም በግምት አይሁን፤ የልጆቹ ስልክ ቁጥር ምዝገባ ሲያካሂዱ ተይዟል። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ይበልና አንድ በአንድ ይደውል። ከመተማ የሚያነሳ ይኖራል። ከጅዳ የምታነሳ ትኖራለች። ከባሕር ዳር ጋራዥ በመዶሻ ድምፅ መሐል «አቤት፣ ማን ልበል?» የሚልም አይጠፋም። የማያነሱትንም ስም ዝርዝር ለይቶ ይጻፈው።